ለባንኩም ዱባይ አለችው

እናቴ ጉዞ አትናገርም። ሻንጣዋን እንኳ የምታሰናዳው መጋረጃ ዘግታ ነው። ሰው ከሰማው ይሰናከላል ብላ ታምናለች፤ ስለዚህ ሄዳ፣ ተመልሳ፣ እግሯን ታጥባ ከተቀመጠች በኋላ ነው "ሄጄ ነበር" የምትለው። እኔ ደግሞ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ከማን እንደወጣሁ እሷም ይገርማታል። ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሳንባላ እንዴት እንደኖርን የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው።

ሰበታ ገበያው አጠገብ የልብስና የጫማ ሱቅ አለን። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሱቁም ቤቱም በእሷ ትከሻ ላይ ነው የቆመው። አልፎ አልፎ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ትሄድ ስለነበር ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ነበራት። ካርዱን ያወጣችው ግን ሰበታ አይደለም። ሰበታ ባለው ቅርንጫፍ የዕድራችን ዳኛ ልጅ ትሠራለች፤ እማዬ ደግሞ ገንዘቧን የዕድር ሰው ከሚያውቅባት ሌባ ቢወስደው ትመርጣለች። ስለዚህ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ፣ ታክሲ እየቀያየረች፣ ማንም የማያውቃት ቡራዩ ሄዳ ደብተር ከፈተች።

ባንኩ አንድ ደንብ ነበረው። ባለ ካርዱ ከመጓዙ በፊት የሚሄድበትን አገር፣ የሚቆይበትን ጊዜና ምን ሊከፍልበት እንዳሰበ ለቅርንጫፉ መናገር አለበት። ካርዱ ባልተነገረ አገር ወይም ላልተለመደ ነገር ብዙ ገንዘብ ሊከፍል ከሞከረ ሌባ እጅ ገብቷል ተብሎ ወዲያው ይቆለፋል። ይህን የሚያስረዳት መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ሠራተኛ ነበር። በሄደች ቁጥር "እናቴ፣ ብቻ ይንገሩን፤ ነግረውን ከሄዱ ችግር የለም" ይላታል። እማዬ ይህን ደንብ አምርራ ትጠላው ነበር። አባትሽ እንኳ በሕይወቱ የት ልትሄጂ ነው ብሎኝ አያውቅም እያለች ስታጉረመርም ትመለሳለች።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ እርሻ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ በተነሳበት ዓመት እማዬ ታመመች። መጀመሪያ ድካም መሰለን። ቀጥሎ የሱቁን መዝጊያ መሳብ አቃታት፤ ሌሊት ትራስ ደራርባ ካልተደገፈች መተኛት አትችልም። የአዲስ አበባ ሐኪሞች የልቧ ቫልቭ እንደተበላሸ፣ ቀዶ ጥገናው ሕንድ አገር ቢሆን እንደሚሻል፣ ከቆየ ግን ልቧ ራሱ እንደሚደክምና ያን ጊዜ ማንም ሊነካት እንደማይደፍር ነገሩን። እኔ ከሐኪሙ ክፍል እያለቀስኩ ወጣሁ። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ "ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ። ልቧ ሳይሆን የእኔ አፍ ነበር ያስጨነቃት።

ለሰፈሩ ዱባይ ልትሄድ ነው ተባለ። ሰዉም አመነ፤ ቢያንስ እኔ ያመነ መስሎኝ ነበር። እንደ ወትሮው ትዕዛዝ መጣ። አንዷ የልጅ ጫማ፣ አንዷ ሽቶ፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ለስላሳ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ አዘዙ። እማዬ ሁሉንም ኮስተር ብላ እሺ አለች። ከዚያ ባንክ ሄዳ መጣች። ምን አልሻቸው ብዬ ብጠይቃት፣ ዱባይ ነዋ፣ ዕቃ ላመጣ፣ ምን ልበላቸው አለችኝ። ባንክ እኮ ጎረቤት አይደለም አልኳት። አውሮፕላኑ በዱባይ አይደል የሚያልፈው፣ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው አለችኝ። ተጨቃጨቅን። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሳይ እኔው ተውኩት፤ ከልብ ሕመምተኛ ጋር ክርክር ማሸነፍ አይቻልም።

አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ፣ ከሱሉልታ መጥቶ አብሯት ሄደ። እነሱ በወጡ ማግስት መንገዱ ተዘጋ።

የዚያን ሰሞን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ሱቁን እከፍታለሁ፤ ጩኸት ሲሰማ እዘጋለሁ፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ግማሽ እከፍታለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ ተኮልኩሏል። ኢንተርኔት የለም፤ ስልክ ግን ይሠራል። ለቅሶ የተቀመጡ ቤቶች ነበሩ፤ ልጃቸው የት እንደታሰረ የማያውቁም ነበሩ። ሰው ጠዋት ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ዛሬስ መንገዱ እንዴት ነው ብሎ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አጎቴ ደወለ። ሆስፒታሉ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚከፈለውን ሲጠይቅ ካርዱ እምቢ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ተቆለፈ። ገንዘቡ አለ፤ ካርዱ ግን ሞቷል። እስከ ነገ ጠዋት ካልተከፈለ ተራዋ ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ክፍት ቀን ደግሞ ሩቅ ነው፤ ሐኪሙ ያን ያህል መቆየቷን አልወደደውም። የአጎቴ ድምፅ የሰው አልመስል አለኝ። እማዬን አገናኘኝ ብዬ ብጠይቀው እሷ ተኝታለች፣ አልነገርኳትም አለ። እሱም የእሷ ወንድም ነው መቼስ።

የባንኩ የስልክ አገልግሎት ጋ ደወልኩ። ካርዱ ለዱባይ ተመዝግቦ ሕንድ አገር፣ ያውም ሆስፒታል ውስጥ፣ ብዙ ገንዘብ ሊከፍል ስለሞከረ እንደተሰረቀ ተቆጥሮ መዘጋቱን አንዲት ሴት በትሕትና አስረዳችኝ። በስልክ ሊከፍቱት አይችሉም። ባለ ካርዷ ወይም ውክልና ያለው ሰው ካርዱን ያወጣችበት ቅርንጫፍ በአካል ቀርቦ ማስረዳት አለበት። ለሱቁ ስትል የሰጠችኝ ውክልና አለኝ። ቅርንጫፉ ግን ቡራዩ ነው። ሰበታ ላይ ቁጭ ብዬ ቡራዩን ሳስበው ከሕንድ የራቀ መሰለኝ።

በዚያ መንገድ ሊያልፍ የሚችል የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የእትዬ ባል ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አክብሮ ኦቦ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ የተጣላን የሚያስታርቁ፣ ከተፍኪ እስከ አለም ገና የማያውቃቸው የሌለ ሰው ናቸው። ኦቦን ለመለመን ግን እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አጥሩን ዞሬ ገባሁ። እትዬ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅማሉ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ዝም ብዬ አፈረጥኩት።

"እትዬ፣ እማዬ ዱባይ አይደለችም።"

"አውቃለሁ" አሉኝ፣ ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ። "ልቧን ነው አይደል? ምን ተፈጠረ?"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። እማዬ ከአስፋልቱ ዳገቷን ስትወጣ እነ እትዬ በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ጫማዬ ተፈታብኝ ትላለች፤ ጎንበስ ትላለች። ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጋ። መጀመሪያ ቀን እትዬ ነገሩ አልገባቸውም። በኋላ ግን ሰዓቷን ጠብቀው መውጣት ጀመሩ። አብረዋት ይቆማሉ፤ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ውኃ መጥፋት ያወሯታል፤ ትንፋሿ ሲመለስላት ደህና እደሪ ተባብለው ይለያያሉ። ይህ ሁሉ እኔ ሱቅ ውስጥ ጫማ ሳስለካ ነው።

"ታዲያ ያዘዙት ጫማ?" አልኳቸው።

"ዱባይ የሚሄድ ሰው ካልታዘዘ አወቁብኝ ብላ ትሰቀቅ የለም? ሴቶቹ ተነጋግረን ነው ያዘዝነው።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። እማዬ ለወራት ደብቄያቸዋለሁ ስትል፣ እነሱ ደግሞ ማወቃቸውን ደብቀውላት ኖረዋል። እትዬ ሰፌዱን አስቀምጠው እንባዬን ሳይጠርጉ ባላቸውን ተጣሩ። ኦቦ ሁሉንም ቆመው ሰሙ። ካፖርታቸውን ደርበው ዱላቸውን አነሱና እንሂድ አሉኝ።

እስከ አለም ገና በጋሪ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ባለ ጋሪው ፈረሴን አላስፈጅም ብሎ ተመለሰ። መንገዱ ላይ የቆሙት አብዛኞቹ የእኔ እኩዮች ወይም ከእኔ የሚያንሱ ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹን ከሱቃችን ጫማ ሲገዙ አውቃቸዋለሁ። ኦቦ ከሩቁ "አከም ቡልተን" ብለው ሰላምታ ሰጡ። አንዱ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ ዛሬ ማንም እንደማያልፍ፣ ለእሳቸውም ቢሆን እንደማይችል በኦሮምኛ ነገራቸው። ኦቦ አልተቆጡም። ዱላቸውን ተደግፈው የእናቴን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ይተርኩላቸው ጀመር። ልቧን፣ ሕንድን፣ ካርዱን፣ ቡራዩን። እማዬ ለወራት መጋረጃ ዘግታ የደበቀችው ነገር በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ በኦሮምኛ ሲነገር ቆሜ አዳመጥኩ።

"ለምን ዱባይ አለቻቸው?" ብሎ ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

"እንዳይወራባት ብላ" አልኩት።

ሳቁ። ለቀናት የሳቀ ሰው ያየሁ አይመስለኝም። አንዱ የእኔም እናት እንደዚሁ ናት፣ ላም ስትሸጥ እንኳ ለአባቴ አትነግርም አለ። ከዚያ መንገዱን ለቀቁልን፤ ኋላችን ሆነው "ዋቅኒ ሃ ፈይሱ" እያሉ ለእማዬ ምሕረት ለመኑላት። ቀጥሎ ያሉት ጋ ስንደርስ ወሬያችን ቀድሞን ደርሷል፤ ኢንተርኔት የለም በተባለበት አገር። "የዱባይዋ ሴት ልጅ ይቺ ናት?" ብሎ አንዱ ጠየቀና ሳያስቆመን አሳለፈን። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፖሊሶች ነበሩ። መታወቂያዬንና ውክልናዬን አይተው የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አለቃቸው የደከመው ሰው ነበር፤ ግማሹን ሰምቶ እጁን አወዛወዘና እግዜር ይማራት፣ እለፉ አለን። አየር ጤና ሳንደርስ የእናቴን ልብ ያልሰማ የመንገድ ዳር ሰው አልነበረም።

በእግር ስንሄድ ኦቦ ብዙም አይናገሩም። ግን አንድ ቦታ ላይ አረፍ ብለን ሳለ ተፍኪ አጠገብ ያለው የወንድማቸው እርሻ የማስተር ፕላኑ ካርታ ውስጥ ገብቷል እየተባለ እንደሚወራ ነገሩኝ። እውነት ይሁን ውሸት የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። ቀበሌ ሲጠይቁ ከላይ ነው ይባላሉ፤ ላይ ሲጠይቁ ገና አላለቀም ይባላሉ።

"መንግሥትና እናትሽ አንድ ናቸው" አሉኝ። "ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚያወሩት።"

ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። እናትሽ የደበቀችው የራሷን ልብ ነው፣ እነሱ የደበቁት የእኛን መሬት ነው አሉኝ ቀጥለው። ቁጭ አድርገው ቢነግሩን እኛም ቁጭ ብለን እንነግራቸው ነበር አሉ።  ተነስተን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከአየር ጤና ወዲያ ታክሲ አገኘን። ከተማው ውስጥ ሰው እንደ ወትሮው ይገዛል፣ ይሸጣል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያ የሆነው ነገር ሌላ አገር የሆነ ይመስላል። ያ ነገር አናደደኝ፤ ግን ለመናደድም ጊዜ አልነበረኝም። አስኮ ላይ ታክሲው ከዚህ በላይ አልሄድም ብሎ አወረደን። የቀረውን እንደገና በእግራችን ሄድን። ኦቦ ማንከስ ጀምረው ነበር፤ ጫማቸው አቁስሏቸዋል። እንረፍ ብላቸው ባንክ እንደ ሰው አይጠብቅም ብለው ቀደሙኝ።

ቡራዩ ስንደርስ የባንኩ የብረት መዝጊያ እስከ ወገብ ወርዷል። ጥበቃው ከሥሩ ብቅ ብሎ ዛሬ ዝግ ነው፣ ውስጥ ያሉት ሒሳብ እየዘጉ ነው አለን። እኔ ከመጀመሬ በፊት ኦቦ ተረኩለት። እስከዚያ ድረስ ትረካውን አሳምረውት ነበር፤ የአለም ገናዎቹ የሳቁበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉ ጀምረዋል። ጥበቃውም በዚያው ቦታ ሳቀና ወደ ውስጥ ተጣራ። ባለ መነጽሩ ወጣት ጎንበስ ብሎ ወጣ። ውክልናው ላይ የእማዬን ስም ሲያይ ግንባሩን ያዘ።

"ይንገሩን ብያቸው ነበር እኮ" አለ። በቁጣ አይደለም፤ እንዳዘነ ሰው ነው ያለው።

አስገብቶ አስቀመጠን። ሲስተም የለም፤ ግን ስልክ አለ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው የካርድ ክፍል ጋ ደወለና ነገሩን አስረዳ። የት አገር፣ የትኛው ሆስፒታል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከዚህ ሌላ ምን ሊከፈል ይችላል እያለ እየጠየቀኝ ያቀብላቸዋል። እኔ ያን ቀን መናገር ለምዶልኝ ነበር፤ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ ነገርኩት። በመጨረሻ ግን እዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው አንድ ነገር ቀረ አለ። ውክልናው ጥሩ ነው፤ ካርዱ ግን እንደ ተሰረቀ ስለተያዘ ባለቤቷ ራሷ በስልክ የት እንዳለችና ምን ልትከፍል እንደሆነ በአንደበቷ ማረጋገጥ አለባት። የአጎቴን ቁጥር ሰጠሁት። ወጣቱ በጠረጴዛው ስልክ ደውሎ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፈተው።

አጎቴ አነሳና ለእማዬ ሰጣት። ወጣቱ ከባንክ መሆኑን ነገራት። ስሟን ጠየቃት፤ ተናገረች። አሁን የት አገር ነው ያሉት አላት።



"ዱባይ ነኝ" አለች እናቴ።

ኦቦ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወጣቱ እኔን አየኝ። እርግጠኛ ነዎት ብሎ ደገመላት። ዱባይ፣ ዕቃ እየገዛሁ አለች፤ ድምፅዋ ግን ከሆስፒታል አልጋ ላይ እንደሚወጣ ያስታውቃል። ከኋላዋ የሕመምተኛ ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ጊዜ ግን አንዲት ቃል ከአፏ ባለመውጣቷ ብቻ እናቴ ስትሞት ታየኝ። ተነስቼ ወደ ስልኩ ተጠጋሁ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። እውነቱን ንገሪያቸው። ሁሉም ያውቃል።"

"ሁሉም ማለት?"

"ሁሉም። እትዬ ያውቃሉ፣ ኦቦ አጠገቤ ናቸው። የአለም ገና ልጆች ያውቃሉ። ፖሊሶቹ ያውቃሉ። የባንኩ ጥበቃ ያውቃል። ሁሉም እግዜር ይማርልሽ ብለውኛል።"

 ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ኦቦ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏት፤ አይዞሽ፣ ደርሰናል አሏት። እማዬ ቀስ ብላ እትዬ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት ብላ ጠየቀችኝ።

"ጫማሽ መፈታት ከጀመረ ጀምሮ" አልኳት።

እንደ ሳቅ ያለ ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለቅሶ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የባንኩ ልጅ አለህ?" አለች። "ሕንድ አገር ነው ያለሁት። ልቤን ልታከም ነው። ፈርቻለሁ። እባክህ ክፈትልኝ።"

ፈርቻለሁ ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ሲሞት እንኳ አላለችውም። ወጣቱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና ይህ በቂ ነው እናቴ አላት፤ የካርድ ክፍሉም በሌላው ስልክ ይህን ሁሉ ሰምቶ ኖሮ በቂ ነው አለ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥበቃው ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ አካፈለን። ኦቦ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን የባንኩ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ዘረጉ። ማንም ደንበኛ በዚያ ባንክ ውስጥ ባዶ እግሩን ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ማንም ግን ምንም አላላቸውም።

አጎቴ ሲደውል ስልኩን ለማንሳት ፈራሁ። ኦቦ ነጥቀው አነሱት። ሰሙና "ከፈለ" አሉ።  እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወጣቱ መዝጊያውን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ ውኃ አመጣልኝ። ያን ያህል ጣፋጭ ውኃ ከዚያ በኋላ ጠጥቼ አላውቅም። ያን ዕለት ማታ እዚያው ቡራዩ የኦቦ ዘመድ ቤት አደርን፤ እኔ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

እማዬ በማግስቱ ገባች፤ ወጣች፤ ዳነች። ይህን በአንድ መስመር ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ ሐኪሙ ተሳክቷል ብሎ አጎቴ እስኪደውል ድረስ ያለውን ሰዓት ግን መጻፍ አልፈልግም። ስትመለስ መንገዱ ተከፍቶ ነበር፤ ማስተር ፕላኑም ቀርቷል ተብሎ ነበር። ኦቦ ይህን ሲሰሙ ሲጀመር ያልነገሩንን ሲቀር ነገሩን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የታሰሩት ሁሉ አልተፈቱም፤ የሞቱትም አይመለሱም። ስለዚህ የእኛ ደስታ በሰፈሩ ውስጥ ድምፁን ቀንሶ ነው የገባው።

ሴቶቹ ሊጠይቋት መጡ። አልጋዋ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ደረቷ ላይ ያለውን ፋሻ እያዩ፣ አንድ በአንድ "እንኳን ከዱባይ በሰላም ገባሽ" አሏት። ማናቸውም አልሳቁም። እማዬም ኮስተር ብላ እንኳን ደህና ቆያችሁኝ አለች። ከዚያ ሻንጣዋን አስመጣችና ትዕዛዛቸውን አወጣች። የልጅ ጫማው አለ፤ ሽቶው አለ፤ የእትዬ ለስላሳ ጫማም አለ። መንገድ ላይ ዱባይ አየር ማረፊያ ውስጥ አጎቴ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋት ነው የገዛችው። እትዬ ያደረጉትን እዚያው አውልቀው ለኩት።

ክረምቱ ሲወጣ ለምርመራ ተመልሳ መሄድ ነበረባት። ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቶ ሳለ ስልኳን አውጥታ ቡራዩ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ሕንድ ነው የምሄደው ልጄ አለችው፤ ለልቤ ምርመራ፣ ምናልባትም መድኃኒት እገዛለሁ፣ ስመለስ ዱባይ ላይ ዕቃ እይዛለሁ። ጫማ ሲለካ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ስልኩን ዘግታ ምን ታያላችሁ፣ ባንክ ነው እኮ አለቻቸው።

ያን ዕለት ሱቁን ዘግተን ሦስታችን፣ እማዬ፣ እትዬና እኔ፣ ዳገቷን አብረን ወጣን። እትዬ ያንን ለስላሳ ጫማ አድርገዋል። በራቸው ጋ ስንደርስ እንደለመዱት ቆሙና ስለ ሽንኩርት መወደድ ማውራት ጀመሩ። እማዬ ግን አልቆመችም። እያዳመጠቻቸው፣ እየመለሰችላቸው፣ ዳገቷን መውጣቷን ቀጠለች። እትዬ ቃላቸውን አቋርጠው ከኋላዋ አዩዋት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ማሰሪያ የሌለውን ጫማቸውን ነካኩ፤ ፊታቸውን እንዳላይባቸው ይመስለኛል።

እማዬ ከላይ ሆና ዞር አለች። "ምን ሆናችሁ? ኑ እንጂ" አለችን።